በቀኝ የተሰፋ ኪስ

«መጨረሻ ላይማ ግራና ቀኙንም ረስቶት ነበር» አለ አጎትየው፣ የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ። «ባለፈው ልጠይቀው ስመጣ ጫማውን ሊያጠልቅ ቁጭ ብሎ ሁለት እግሩን ያያል። ምን ሆንክ ስለው፣ ‹የቱ ነው የግራው?› አይለኝም መሰላችሁ? እግርህን ነው ጫማህን ብለው፣ ‹እሱንም አንተው ንገረኝ› አለኝ። ወንድሜ እኮ ቀልዱ እስከ መጨረሻው አብሮት ነበር።»

በግድግዳው ዙሪያ በተደረደሩት ወንበሮች ላይ የተቀመጡት ሰዎች ሳቁ። የለቅሶ ቤት ሳቅ ነው፤ ድምፁ አፍ ውስጥ ቀርቶ ትከሻ ብቻ የሚነቃነቅበት። ከቀብር ወዲህ ሁለተኛው ቀን ስለሆነ እንባው ጋብ ብሏል፣ ሰዉም ሟቹን በጨዋታ ማንሣት ጀምሯል።

ሜትሬ ባዶ ብርጭቆ የሞላበት ትሪ ይዛ በሩ ሥር ቆማ ነበር። እሷ አልሳቀችም። ሟቹ አባቷ ነው። ሜትሬ ብሎ የሰየማትም እሱ ነበር፤ በልጅነቷ የብረት ሜትሩን ነጥቃ የቤቱን ድመት ሳይቀር ካልለካሁ እያለች ስላስቸገረች። አርባ አንድ ዓመት ሞልቷትም ሥራዋ ያው መለካት ሆነ። ፊልም ሠሪዎች የጥንት ባንክ ቤት፣ የባቡር ጣቢያ ወይም እስር ቤት ሲያስፈልጋቸው ይጠሯታል፤ እሷም በጣውላና በቀለም፣ ድሮ እንደ ነበረው አድርጋ ታቆምላቸዋለች።

አባቷ እንዳልቀለደ ታውቃለች። ከልቡ ነበር የጠየቀው። የገዛ እግሩን እንዲጠራጠር ያደረገችው ደግሞ እሷው ናት። ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ምናልባት አንድ ልብስ ሰፊ ሳይጠረጥር አልቀረም።

ወደ ወጥ ቤት ስታልፍ እናቷ ጥግ ላይ ካለው ፍራሽ ሆና ለጎረቤቲቱ በሹክሹክታ ስትናገር ሰማች።

«እኔማ ገበያ ስወጣ ከውጭ ቆልፌበት ነበር የምሄደው» ትላለች እናትየው። «መንገድ ይጠፋዋል ብዬ። ስመለስ ኮቱን ለብሶ በሩ ሥር ቆሞ አገኘዋለሁ። ተቆጥቶ አያውቅም። ‹ቆልፈሽው ነው ወይስ እኔ ነኝ መክፈት ያቃተኝ?› ነው የሚለኝ።»

«ደግ አደረግሽ» አለች ጎረቤቲቱ። «መኪና ቢገጨውስ ኖሮ? አልጋው ላይ እንደተኛ ነው የሄደው። ከሞቱ አሟሟቱ።»

«እሱስ ነው» አለች እናትየው፤ የተጽናናች ግን አትመስልም ነበር።

ሜትሬ ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፈተች። ታጥቦ የተደፋውን ብርጭቆ እያነሣች እንደገና ታጥብ ጀመር።

አባቷን ሰፈሩ በሙሉ ጋሽ ጠፈር ነበር የሚለው። ጠፈር ሄዶ አይደለም፤ መሰላል ላይ እንኳ ከሦስተኛው ደረጃ ማለፍ የማይወድ ሰው ነበር። ከአርባ ስድስት ዓመት በፊት ሁለት ሰዎች የያዘች መንኮራኩር ስትመጥቅ፣ ጉዞዋን ከምድር ሆነው በሚከታተሉበት የመቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ አምፖል ቀያሪ ነበር። የክፍሉ የፊት ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር የመብራት ሰሌዳ ነው፤ ስምንት መቶ ትንንሽ አምፖል። ከሰሌዳው ጀርባ ሰው በጎኑ ካልሆነ የማያልፍበት መተላለፊያ አለ። አባቷ በዚያ ውስጥ ኪሱን አምፖል ሞልቶ ሲመላለስ ይውል ነበር።

አንድ ታሪክም ነበረው። በዚያች ዕለት፣ መንኮራኩሯ ልትመለስ ፊቷን ባዞረችበት ሰዓት፣ የሰዎቹን መተንፈሻ አየር የሚያሳየው መብራት ድርግም ብሎ ጠፋ። ሰሌዳው ፊት የተቀመጡት ሊቃውንት ሰዎቹ ታፈኑ ብለው በተቀመጡበት ደርቀው ቀሩ። እሱ ከግድግዳው ጀርባ «አየሩ አይደለም፣ አምፖሉ ነው!» ብሎ ጮኸ፤ በአሥራ አንድ ሰከንድም ቀየረው። «ከግራ ሦስተኛው ረድፍ፣ ከላይ ሰባተኛዋ» ይል ነበር ሁልጊዜ፣ ጣቱን አየር ላይ ሰክቶ። ሜትሬ ይህን ታሪክ ሠርግ ላይ ሰምታዋለች፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ሰምታዋለች። አንድ ጊዜማ ላስቆመው ትራፊክ ፖሊስ ሲተርክለት፣ ፖሊሱ መንጃ ፈቃዱን እጁ ላይ እንደያዘ ያስቆመበትን ነገር ረስቶ ሸኝቶታል።

ስለዚህ ዳይሬክተሩ ጠርቶ «ስለዚያች መንኮራኩር ፊልም ልሠራ ነው፣ የመቆጣጠሪያ ክፍሉን ሥሪልኝ» ሲላት እንባዋ መጣ። ክፍሉ ከፈረሰ ቆይቷል፤ ሕንፃው ዛሬ የዱቄት መጋዘን ነው። የተገኘው ከአሮጌ መጽሔት ላይ የተወሰደ አንድ ሰፊ ፎቶግራፍ ብቻ ነበር። ሰሌዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ጉንዳን ነው የሚመስለው፣ አይነበብም። የግድግዳው ሰዓትም ሰረዝ እንጂ ቁጥር የለውም። ሜትሬ ያን ፎቶግራፍ በማጉያ መነጽር እየለካች ሦስት ወር ሙሉ አናጺና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስታሯሩጥ ከረመች። አባቷን ያልጠየቀችው ንቃው አልነበረም። ሁሉም ካለቀ በኋላ ድንገት ልታሳየው ፈልጋ ነው። ለእሱ ነበር የምትሠራው፤ ደግሞም እውነቷን ነው።

ቀረጻው ሊጀመር አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ይዛው ሄደች። ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ ነበር። አርባ የሚሆኑ የፊልሙ ሠራተኞች እጃቸውን አጣምረው የሽማግሌውን እንባ ይጠብቃሉ። እሱ በሩ ላይ ብዙ ቆመ።

«ቆንጆ ነው» አለ። «እጅሽ ይባረክ። ግን ተገልብጧል።»

«ምኑ?»

«ክፍሉ። እንደ ጓንት ተገልብጧል፣ ግራው ቀኝ ሆኗል። በሩ በዚያ በኩል ነበር፤ የአለቃው ጠረጴዛ ደግሞ በዚህ።»

ዳይሬክተሩ ሜትሬን አያት። ፊቷ ጋለ። ፎቶግራፉን ከቦርሳዋ አውጥታ «ይኸው እኮ አባዬ፣ ይኸው ወረቀቱ» አለችው።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለ አባቷ ፈገግ ብሎ።

አናጺዎቹ ሳቁ። ባይስቁ ኖሮ ምናልባት ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። የሦስት ወር ድካሟ፣ ስሟ፣ አለቅነቷ፣ ሁሉም በዚያ ሳቅ ውስጥ ሲንሸራተት ታያት። ያዳናትን መልስ ያገኘችው ያኔ ነው።

«አባዬ፣ አንተ እኮ ክፍሉን የምታውቀው ከጀርባው ነው። ከሰሌዳው ኋላ ሆነህ ነው ያየኸው። የአንተ ግራ ለእኛ ቀኝ ነው።»

ሁሉም እፎይ አለ። ዳይሬክተሩ ጭብጨባ ቢጤ አሰማ። አባቷ ግን «ከፊትም እገባ ነበር» አለ ዝግ ብሎ። «ጠዋት ጠዋት የጠረጴዛዎቹን መብራት የማየው እኔ ነበርኩ።»

«አርባ ስድስት ዓመት ሆነው እኮ» አለች ሜትሬ፤ ጀርባውንም እንደ ሕፃን መታ መታ አደረገችው። «ዕድሜ ነው አባዬ፣ አይዞህ።»

አባቷ ፊቱን ወደ በሩ፣ ከዚያ ወደ ሰሌዳው አዞረ። አንድ እጁን አነሣ፣ አወረደው፣ ሌላውን አነሣ። ሰው ሁሉ እያየው ነበር።

«ይሆናል» አለ።

ከዚያች ቀን ወዲህ ይህች ቃል አፉ ላይ ተተከለች። ሻይህ ስኳር አለው ወይ ሲሉት ይሆናል። ዛሬ ማክሰኞ ነው ሲሉት ይሆናል። ያን ታሪኩንም አንድ እሑድ ለእንግዳ ጀምሮት «ከግራ ሦስተኛው ረድፍ… ወይስ ከቀኝ…» አለና ጣቱ አየር ላይ እንዳለ ዝም አለ። ሁለተኛ አላወራውም። ሐኪሙ ዓይኑን፣ ጆሮውንና ደሙን አይቶ የዕድሜ ነገር ነው ብሎ መለሳቸው። ሰው ራሱን ካላመነ ሐኪም ምን ያምናል? በር ሥር መቆም፣ ጫማ ማየት የመጣው ቀስ በቀስ ነበር።

ሦስተኛው ቀን ላይ ልብስ ሰፊው ሊያስተዛዝን መጣ። ዝምተኛ፣ መነጽሩን በክር አስሮ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥል አዛውንት ነው። ከበሩ ሲገባ ስታየው ሜትሬ ትሪዋን ይዛ ወደ ጥግ አፈገፈገች።

ፊልሙ ሊጀመር አራት ቀን ሲቀረው ነበር ወደ ስፌት ቤቱ የጠራት። «ልጄ፣ ሠላሳ ሁለት ሸሚዝ ነው ያዘዛችሁኝ» አላት፣ ፎቶግራፉን የስፌት መኪናው ላይ ዘርግቶ። «እንደ ፎቶው አድርግ ስላላችሁ ነው እንጂ፣ ዕድሜ ልኬን ለወንድ ሸሚዝ ኪስ በቀኝ ሰፍቼ አላውቅም። ቁልፉም እንደ ሴት ነው የሚደራረበው። የሠላሳ ሁለት ሰው?»

ሜትሬ አጎንብሳ አየች። ለሦስት ወር በማጉያ መነጽር ጠረጴዛና አምፖል ስትለካ አንድም ቀን ሰዎቹን ልብ ብላ አላየቻቸውም። ሁሉም እስክሪብቶአቸውን በቀኝ ደረታቸው ሰክተዋል። መጽሔቱ ፎቶግራፉን ግራውን ቀኝ አድርጎ ገልብጦ ነበር ያተመው። አባቷ ልክ ነበር። በሩም፣ የአለቃው ጠረጴዛም፣ ሦስተኛው ረድፍም፣ ሁሉም እሱ ባለበት ነበር።

ያን ጊዜ ብትናገር ኖሮ ምን ይመጣ ነበር? ክፍሉ ይፈርሳል፣ ቀረጻው ወር ይገፋል፣ አናጺዎቹ ይስቃሉ። እሷም በአርባ ሰው ፊት አባቷን ምን እንዳለችው ሁሉም ያስታውሳል።

«በዚያን ዘመን እንዲህ ነበር የሚሰፋው» አለች። ለአፍ ዳገት የለውም።

ሰፊው በመነጽሩ ላይ አሻግሮ አያት። «እንዲህ ከነበረ እንዲህ ይሁን» አለና ሠላሳ ሁለቱንም በቀኝ ሰፋ። በቀረጻው ጊዜ ተዋንያኑ እስክሪብቶ ሊያወጡ እጃቸው ወደ ግራ ደረታቸው እየሄደ ባዶ ጨርቅ ሲዳብሱ፣ ዳይሬክተሩም «ቀኝ፣ ቀኝ!» እያለ ሲጮህ፣ ሜትሬ ከካሜራው ኋላ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመኝ ነበር።

አሁን ሰፊው ከአጎትየው አጠገብ ተቀምጦ ሻዩን ተቀበለ። አጎትየው እንግዳ ዝም ሲል አይወድም።

«ሥራዎት ምንድን ነው ጋሼ?»

«ሰፊ ነኝ። ለፊልሙ ሸሚዞቹን የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

«ወንድሜ ይለብሰው እንደነበረው ዓይነት ነዋ!»

«እንደ ፎቶግራፉ ነው የሰፋሁት» አለ ሰፊው። «ኪሱን በቀኝ አድርጌ።»

«በቀኝ?» አለች እናትየው ከፍራሹ። በሦስት ቀን ውስጥ ድምፅዋ ከሹክሹክታ ከፍ ሲል ይህ የመጀመሪያው ነበር። «የእሱስ በግራ ነበር። እኔ አይደለሁ የማጥብለት? የእስክሪብቶው ቀለም ልቡ ላይ እየፈሰሰ ስንት ሸሚዝ አበላሽቶብኛል።»

 ሰፊው ሜትሬን አያት። አስተያየቱ ክፋት አልነበረበትም፤ ለተቀማጭ ቦታ እንደሚለቅ ሰው፣ እውነቱን እንድትናገር ጠጋ ብሎላት ነበር። እሷ ግን ትሪውን አጥብቃ ያዘች።

«የጥገና ሠራተኞቹ ሸሚዝ ለየት ያለ ነበር፣ እማዬ» አለች።

እናቷ ግንባሯን ቋጥራ የራሷን ደረት በእጇ ነካችው፤ በአንዱ በኩል፣ ከዚያ በሌላው።

«ይሆናል» አለች።

ሰፊው ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ። ሜትሬ ወጥ ቤት ገብታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። አንዱን ቀብራ ሳትጨርስ ሌላዋን ጀመረች ማለት ነው። እፍረት ድሮ ፊቷን ነበር የሚያግላት፤ አሁን ግን እጅና እግሯን አቀዘቀዛት።

አራተኛው ቀን ጠዋት፣ ለቀስተኛ ሳይመጣ፣ ፍራሹ ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ኪሱ በግራ ነበር።»

«እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። አንቺ ሌላ ነው ስትዪኝ ነው እንጂ።»

«ዋሽቼሽ ነው።»

ነገረቻት። የመጽሔቱን፣ የጓንቱን፣ የአርባውን ሰው፣ «ዕድሜ ነው» ያለችውን፣ ሠላሳ ሁለቱን ሸሚዝ። ስትጨርስ እናቷ የብርድ ልብሱን ጫፍ እያጠፈች ነበር።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ከአምስት ወር በፊት።»

«አምስት ወር» አለች እናቷ። «እኔ በር መቆለፍ የጀመርኩት ከሦስት ወር ወዲህ ነው።»

ሜትሬ ዓይኗን ከብርድ ልብሱ ጫፍ አልነቀለችም።

«ለምን አልነገርሽውም?»

«አፈርኩ።»

«ማንን?»

ይህን ራሷን ጠይቃ አታውቅም ነበር። ዳይሬክተሩን? አናጺዎቹን? ስማቸውን እንኳ በቅጡ የማታውቃቸውን ሰዎች ስታፍር፣ አባቷን ሳታፍረው ኖረች።

«ፊልሙ ሲያልቅ ልነግረው ነበር» አለች።

«እሱ ቀድሞ አለቀ።»

እናቷ አልረገመቻትም። ብትመታት ይሻላት ነበር። «እና ምንም አልነበረበትም ማለት ነው?» አለች ቆይታ፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ሆኖ። «አእምሮው ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር።»

ያኔ አለቀሰች። በቀብሩ ዕለት ያለቀሰችው ለሞተ ሰው ነበር። ይኼኛው ልቅሶ ግን በሕይወት እያለ በር ለተቆለፈበት ሰው ነው፤ ድምፅ አልነበረውም፣ ብዙም ቆየ። ከዚያ ፊቷን አበሰችና፣ አራት ቀን ሙሉ ካልተነሣችበት ፍራሽ ተነሣች። ከግድግዳው ሥር አንድ ወንበር ጎትታ ክፍሉ መሐል፣ ከሜትሬ ፊት ለፊት አስቀመጠችው።

መጀመሪያ የገባው አጎትየው ነበር። «እዚህ ተቀመጥ» አለችው እናትየው። «ንገሪው።»

ሜትሬ ነገረችው። አጎትየው ከመሐሉ ጀምሮ አንገቱን ደፋ። «እኔ እኮ አሳቅሁበት» ብቻ ነው ያለው። ሻይ ሲሰጡት አልተቀበለም።

ቀጥላ ጎረቤቲቱ መጣች። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይቀላል ብላ ሜትሬ አስባ ነበር፤ አልቀለለም። ጀርባውን መታ መታ ያደረገችው ላይ ስትደርስ ነገሩን ዘልላ ወደ ፎቶግራፉ ልታልፍ ሞከረች።

«እዚያ ጋ ምን ነበር ያልሽው?» አለች እናቷ።

«ዕድሜ ነው አልኩት።»

«እሺ፣ ቀጥዪ።»

እስከ ቀትር ድረስ ለሰባት ሰው ተናገረች። አንዳንዱ እጇን ይዞ አይዞሽ ይላታል፤ አንዳንዱ ተነሥቶ ወደ ሌላው ጥግ ይሄዳል። እናቷ ሁሉንም አንድ በአንድ ወንበሩ ላይ ታስቀምጣለች። ስለ ሟቹ ቀልድ የሚያወራ ሰው ከዚያ ወዲያ አልተሰማም።

ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተሩ ከአራት አናጺዎች ጋር መጣ። ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። የእናትየውን እጅ በሁለት እጁ ይዞ አጎነበሰ።

«እማማ፣ እግዜር ያጽናዎት» አለ። «ጋሽ ጠፈር ለፊልማችን በረከት ነበሩ። ማስታወቂያው ላይ ‹እያንዳንዷ አምፖል በቦታዋ› ብለን ጽፈናል፤ በልጅዎ ኮርተን ነው። በሁለት ወር ውስጥ ይወጣል።»

ሜትሬ እናቷን አየቻት። ለጎረቤት፣ ለዘመድ ተናግራለች፤ ያ ሁሉ ቤት ውስጥ የሚቀር ነው። ለዚህ ሰው ስትናገር ግን ፊልሙም፣ ስሟም፣ የነገ እንጀራዋም አብረው ይሄዳሉ። ይሄኛውን ብቻ እለፊልኝ አለቻት በዓይኗ።

እናቷ ወደ ወንበሩ ሄደች፤ መቀመጫውን በጥቁር ሻርፗ ጫፍ ጠረገችው፣ ትንሽም ወደ ሜትሬ አስጠጋችው።

«ተቀመጥ ልጄ» አለችው ዳይሬክተሩን። «የምትነግርህ ነገር አላት።»

ከዚያ ዞራ ከልጇ ኋላ ቆመች፤ እጇንም ትከሻዋ ላይ አሳረፈች። ለማጽናናት ይሁን እንዳትነሣ ለመያዝ ሜትሬ መለየት አልቻለችም።

«አባቴን ይዤ የመጣሁ ዕለት ትዝ ይልሃል?» ብላ ጀመረች፤ የእናቷ እጅም እስክትጨርስ ድረስ ከትከሻዋ አልተነሣም።